የጉምሩክ ዳታ አዲስ ገዢ ያመጣልኛል?

የአንባቢው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ማር በበርሜል ወደ ውጭ እልካለሁ፤ የመስታወት ጠርሙስና ክዳን ደግሞ አስመጣለሁ። አራት ዓመት ሙሉ የሸጥኩት ለሁለት ገዢዎች ብቻ ነው። አንዱ ቢቀር ግማሽ ሥራዬ ይቆማል። በቅርቡ አንድ ዳታ ሻጭ የመላው ዓለምን የጉምሩክ መረጃ፣ የገዢ ስምና ዋጋ ጭምር፣ በዓመት ክፍያ ልስጥህ ብሎኛል። ክፍያው ቀላል አይደለም። ልግዛው? ከገዛሁስ ምን ላድርግበት?»

አሁን አይግዙት። ወደፊት ሊያስፈልግዎ ይችላል። የዓመት ውል ከመፈረምዎ በፊት ግን በነፃ የሚገኘውን አሟጠው ይጠቀሙ። በነፃ ያለው ብዙ ነጋዴ ከሚያስበው በላይ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል። «የመላው ዓለም የጉምሩክ መረጃ ከነገዢው ስም» የሚባል ነገር የለም። ሁለት የተለያዩ ዳታዎች ተቀላቅለው ነው የቀረቡልዎት። አንደኛው ስታቲስቲክስ ነው። ይህ አገር ከዚያ አገር በዚህ ዓመት ይህን ያህል ቶን አስገባ፣ ዋጋውም ይህን ያህል ነው ይላል። የድርጅት ስም የለበትም። ይህን አብዛኛው አገር ያወጣል። ሁለተኛው የጭነት መዝገብ ነው። በዚህ ቀን፣ በዚህ መርከብ፣ እገሌ ለእገሌ ይህን ላከ ይላል። ይህን ለሕዝብ የሚከፍቱት አገሮች ጥቂት ናቸው።

ለምሳሌ አሜሪካ በመርከብ የሚገባን ጭነት ማኒፌስት፣ ማለትም የመርከቡን የጭነት ዝርዝር፣ ክፍት ታደርጋለች። ላኪው፣ ተቀባዩ፣ ክብደቱና የዕቃው መግለጫ ይታያል። ዋጋው ግን አይታይም። በአውሮፕላን የገባውም የለበትም። ደግሞም አስመጪው «ስሜ ይደበቅልኝ» ብሎ ማመልከት ይችላል፤ ለሁለት ዓመት ይደበቅለታል፤ ሲያልቅም ያድሳል። እንደ ኮሎምቢያና ፔሩ ያሉ የላቲን አሜሪካ አገሮች ከዚህ የሰፋ ዝርዝር ያወጣሉ። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በበኩላቸው ገዢና ሻጭን በስም የሚያገናኝ መዝገብ ለሕዝብ አይከፍቱም። ህንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 የጉምሩክ ሕጓን አሻሽላ፣ የአስመጪና የላኪን የዋጋና የመጠን ዝርዝር ማውጣትን የሚያስቀጣ አድርጋለች። ስለዚህ ሻጩ «የጀርመን ገዢዎች ከነዋጋቸው አሉኝ» ካለዎት፣ ከየት አገኘኸው ብለው ይጠይቁት። ከላኪው አገር መዝገብ ተገልብጦ የመጣ ወይም በግምት የተሞላ ሊሆን ይችላል። ግምት መሆኑን እስካወቁ ድረስ ግምትም ይጠቅማል። እንደ ሐቅ ከወሰዱት ግን ገንዘብ ያስከፍልዎታል።

ከሁሉ የሚቀርብዎት ዳታ የራስዎ ፋይል ውስጥ ነው። የአራት ዓመት ዲክላራሲዮኖችዎን፣ ማለትም ለጉምሩክ ያቀረቧቸውን የዕቃ መግለጫዎች፣ ያውጡ። እያንዳንዱን ጭነት በአንድ መስመር ኤክሴል ላይ ይጻፉ፦ ቀኑ፣ የኤችኤስ ኮዱ (ጉምሩክ የዕቃውን ዓይነት የሚለይበት ቁጥር)፣ የተጣራ ክብደቱ፣ ዋጋው፣ የተከፈለው ቀረጥና ታክስ፣ የጭነት ክፍያው፣ ወደብ ላይ የቆየበት ቀን። ሁለት ቀን ቢፈጅ ነው። ይህን ሳይሠሩ የሰው ዳታ መግዛት የራስን ኪስ ሳይፈትሹ መበደር ነው።

በተለይ በማስመጣቱ በኩል የሚያስደነግጥ ነገር ሊያገኙ ይችላሉ። የክዳንዎን ነገር እንውሰድ። ከብረት የተሠራ ክዳን ኮዱ 8309.90 ነው። ከፕላስቲክ የተሠራው 3923.50 ነው። የመስታወት ጠርሙሱ ደግሞ 7010.90። ትራንዚተርዎ (ጉምሩክ የሚያስፈጽምልዎ ወኪል) ቸኩሎ ሁሉንም በአንድ መስመር ጠቅልሎ ካስገባው፣ ወይም አንድ ጊዜ የተሳሳተውን ኮድ አራት ዓመት ከደጋገመው፣ ቀረጡ ይለያያል። አብልጠው ከፍለው ከሆነ ገንዘብዎ ነው። አሳንሰው ከፍለው ከሆነ ደግሞ ከቅጣት ጋር ሊጠየቁ የሚችሉት ዕዳ ነው። ጥርጣሬ ካለዎት ጉምሩክን የቅድሚያ ውሳኔ፣ ማለትም ዕቃው ከመምጣቱ በፊት ኮዱን የሚወስን መልስ፣ በጽሑፍ ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ንግድ ድርጅት የንግድ ማሳለጥ ስምምነት አባል አገሮች ይህን አገልግሎት እንዲሰጡ ይጠይቃል። የሚጠቀምበት ነጋዴ ግን ጥቂት ነው። ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ክርክሩን ዕቃው ወደብ ላይ ኪራይ እየቆጠረ ሳይሆን ገና ሳይጫን ይጨርስልዎታል።

ኤችኤስ ኮድ የዚህ ሁሉ መክፈቻ ቁልፍ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ኮዱን የሚያወጣው የዓለም የጉምሩክ ድርጅት ነው። ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች በሁሉም ተጠቃሚ አገር አንድ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን እያንዳንዱ አገር እንደ ፍላጎቱ ይጨምራል፤ የአውሮፓ ኅብረት ለስታቲስቲክስ 8 አኃዝ፣ አሜሪካ 10 አኃዝ ይጠቀማሉ። የተፈጥሮ ማር 0409.00 ነው። እዚህ ላይ ነው ችግሩ። በዚያ አንድ ኮድ ውስጥ በበርሜል የሚጫነው ጥሬ ማርም፣ በሚያምር ጠርሙስ ታሽጎ መደርደሪያ ላይ የሚወጣውም፣ ውድ የሆነው የኒውዚላንድ ማኑካ ማርም አብረው አሉ። ኮዱ ሁሉንም ማር ብሎ ያልፋቸዋል።

ውጤቱን በቁጥር ላሳይዎት። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ ናቸው። አንድ አገር በዓመት 1,000 ቶን ማር በ4 ሚሊዮን ዶላር አስገባ እንበል። ሲያካፍሉት በኪሎ 4 ዶላር ይመጣል። እርስዎ በ2 ዶላር ከ60 ሳንቲም የሚሸጡ ከሆነ ልብዎ ይሸፍታል። ነገር ግን ውስጡን ሲገልጡት 900 ቶኑ በበርሜል በ2 ዶላር ከ50 ሳንቲም የገባ፣ 100 ቶኑ ደግሞ ልዩ ማር ሆኖ በ17 ዶላር ከ50 ሳንቲም የገባ ሊሆን ይችላል። ድምሩ ያው 4 ሚሊዮን ነው። በ4 ዶላር የገዛ ግን አንድም ሰው የለም። ስለዚህ አማካዩን ዋጋ ብለው አይጥሩት። ከየትኛው አገር ስንት ቶን በስንት እንደገባ ለየብቻ ይመልከቱ። የእርስዎን ዓይነት ማር የሚልኩ አገሮች ስንት አገኙ? የሚያገባዎት እሱ ነው።

የሲአይኤፍና የኤፍኦቢ ነገርም አለ። አብዛኛው አገር ገቢ ዕቃን በሲአይኤፍ፣ ማለትም ጭነትና ኢንሹራንስ ጨምሮ ይመዘግባል። ወጪውን ደግሞ በኤፍኦቢ፣ ማለትም መርከብ ላይ እስኪጫን ባለው ዋጋ ብቻ። እንደ ካናዳና አውስትራሊያ ያሉት ግን ገቢውንም በኤፍኦቢ ይመዘግባሉ። የራስዎን የኤፍኦቢ ዋጋ ከሌላ አገር የሲአይኤፍ አኃዝ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ካስቀመጡ፣ ትርፍ የመሰለዎት የመርከብ ክፍያ ሆኖ ያርፈዋል።

አሁን ወደ ገበያ መምረጥ እንምጣ። ኮምትሬድ የሚባለው የተባበሩት መንግሥታት የንግድ ስታቲስቲክስ ቋት በነፃ ይከፈታል። መቀመጫው ጄኔቫ የሆነው ዓለም አቀፉ የንግድ ማዕከል ደግሞ ትሬድ ማፕ የሚባል አለው፤ ያንኑ ዳታ ለዓይን በሚመች ሠንጠረዥ ያቀርባል። ብዙ ሰው እዚያ ገብቶ ትልቁን አስመጪ አገር ይፈልግና «ገበያዬ ይህ ነው» ይላል። ስህተት ነው። ትልቅ ገበያ ማለት ብዙ ጊዜ ትላልቅ ሻጮች አስቀድመው የተደላደሉበት ገበያ ማለት ነው። እኔ ከጠቅላላው መጠን ይልቅ አቅራቢዎቹ እንዴት እንደተከፋፈሉት አያለሁ። አንድ አገር ከሚያስገባው ማር አብዛኛው ከአንድ ምንጭ ብቻ ከሆነ፣ እዚያ ያሉ ገዢዎች እንደ እርስዎ ያለ ስጋት አለባቸው፤ ያ ምንጭ ቢቀር ይቸገራሉ። ከአምስት ዓመት በፊት ያልነበረ አዲስ አቅራቢ አሁን ሠንጠረዡ ላይ ብቅ ካለ ደግሞ በሩ ለእንግዳ ክፍት ነው ማለት ነው። ማን ገባ፣ ማን ወጣ የሚለው ከድምሩ ይበልጥ ይናገራል።

ወርሃዊውን ዳታ ካገኙ እሱንም ይዩት። ገዢዎቹ የሚያስገቡት በየትኞቹ ወራት እንደሆነ ያሳያል። ውል የሚነጋገሩት ዕቃው ከመግባቱ ወራት ቀድመው ነው። ጭነቱ በገባበት ወር ኢሜይል የሚልክ ሻጭ ዘግይቷል።

አንድ ቁጥር ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ግን ምክንያቱን ሳያውቁ አይፍረዱ። ማር ላይ የሆነውን ልንገርዎት። እ.ኤ.አ. በ2022 አሜሪካ ከአርጀንቲና፣ ከብራዚል፣ ከህንድና ከቬትናም በሚገባ ጥሬ ማር ላይ የፀረ-ዳምፒንግ ቀረጥ፣ ማለትም ዕቃው ከተገቢው ዋጋ በታች ተሸጠ ሲባል የሚጣል ተጨማሪ ቀረጥ፣ ጣለች። ለቬትናም በመጀመሪያ በጊዜያዊነት የተሰላው ከ400 በመቶ በላይ ነበር፤ በመጨረሻ ወደ 60 በመቶ ግድም ወረደ። በእነዚያ ዓመታት የተመዘገበውን የአሜሪካንና የቬትናምን የማር ንግድ ብቻ የሚያይ ሰው ሸማቹ ማር የተወ ሊመስለው ይችላል። ገዢው ግን ሌላ ምንጭ እያማተረ ነበር። ለአዲስ ሻጭ ይህ መልካም ዜና ነው። ዳታው ቁጥሩን ይሰጥዎታል፤ ምክንያቱን ግን ዜናና ሕግ አንብበው ነው የሚያገኙት።

ኮዱ ራሱም ይቀየራል። በየአምስት ዓመቱ ገደማ ይከለሳል፤ አሁን ያለው የ2022 እትም ነው። ማር አልተነካም፤ ሌላ ዕቃ ቢጨምሩ ግን ይጠንቀቁ። የሶላር ፓነል እስከ 2021 ድረስ 8541.40 ውስጥ ከኤልኢዲ ጋር ነበር። በ2022 ወጥቶ 8541.43 ሆነ። አሮጌውን ኮድ ይዞ የሚፈልግ ሰው ገበያው በአንድ ጀምበር የጠፋ ይመስለዋል።

ሌላው ወጥመድ የሁለቱ አገሮች መዝገብ አለመመሳሰል ነው። ላኪው አገር «ለሆላንድ ይህን ያህል ላክሁ» ይላል። የሆላንድ መዝገብ ግን ያን ያህል አያሳይም። አንዱ ዋሽቷል ማለት አይደለም። ዕቃው ሮተርዳም ወደብ ይራገፍና ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። ላኪ እስከሚያውቀው መድረሻ ድረስ ይመዘግባል፤ አስመጪ ደግሞ የተመረተበትን አገር ይመዘግባል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከሁለቱም ወገን ይመልከቱ። ልዩነቱ የጭነት ዋጋን ያህል ከሆነ ደህና ነው። በእጥፍ ከተለያየ መሐል ላይ ሦስተኛ አገር ወይም ደላላ አለ። ሲንጋፖርና ሆንግ ኮንግም እንዲሁ ናቸው። በወደባቸው የሚያልፈው ሁሉ እዚያ የሚበላ አይደለም።

ሁለት ወይም ሦስት አገር ሲቀርዎት፣ ስም ከመፈለግዎ በፊት መግባት መቻልዎን ያረጋግጡ። የአውሮፓ ኅብረት መደበኛ የማር ቀረጥ 17.3 በመቶ ነው፤ በስምምነት ዜሮ የሚገባላቸው አገሮችም አሉ። ከቀረጡ በላይ ደግሞ ማሩ የሚመጣበት አገር የመድኃኒት ቅሪት ቁጥጥር ዕቅዱ ጸድቆለት ኅብረቱ ባወጣው ዝርዝር ላይ መኖር አለበት። አገርዎ እዚያ ከሌለ የገዢ ስም ምንም አይሠራልዎትም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ድንበር ላይ የመለሰውን ጭነት ከነምክንያቱ ለሕዝብ ያወጣል። ያንን ያንብቡ። ለምን እንደሚመለሱ ማወቅ፣ ለማን እንደሚሸጡ ከማወቅ ባልተናነሰ ሥራ ያሳድጋል። የላቦራቶሪ ምርመራ ምን ላይ ማተኮር እንዳለበት ከዚያ ይማራሉ።

ስምም በነፃ የሚገኝበት አለ። የእንግሊዝ የገቢና ጉምሩክ መሥሪያ ቤት በየወሩ በእያንዳንዱ ኮድ ማን እንዳስመጣ፣ ስምና አድራሻ ያወጣል። መጠንና ዋጋ የለውም፤ ስሙ ግን ከመንግሥት የመጣ ነው። የካናዳ መንግሥትም የአስመጪዎች ዳታቤዝ አለው። በየዕቃው ከጠቅላላ ገቢው አብዛኛውን የሚሸፍኑትን ድርጅቶች ከነከተማቸው ይዘረዝራል። በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ብቻ 0409.00 ብለው ቢፈልጉ የብዙ ሳምንት ሥራ ያገኛሉ።

የጭነት መዝገብ እጅዎ ሲገባ ደግሞ ማንበብ ይልመዱ። አንድ መስመር ይህን ሊመስል ይችላል፦ ባለ 20 ጫማ አንድ ኮንቴይነር፣ 64 በርሜል የተፈጥሮ ማር፣ ጠቅላላ ክብደት 19,712 ኪሎ። መጀመሪያ ክብደቱን ያፍታቱ። ባዶ በርሜል 18 ኪሎ ቢመዝን 64ቱ 1,152 ኪሎ ነው። የተጣራው 18,560 ይቀራል፤ በበርሜል 290 ኪሎ ማለት ነው። ይህ በጅምላ የሚገዛ አሻጊ ነው፤ ችርቻሮ አይደለም። ከዚያ ተቀባዩን ይዩ። ስሙ ላይ «ሎጂስቲክስ» ወይም «ፎርዋርዲንግ» የሚል ካለበት ማር አይገዛም፤ ዕቃ ያመላልሳል እንጂ። «ቱ ኦርደር» ከተባለ ተቀባዩ ባንክ ወይም ገና ያልተገለጠ ገዢ ነው። እንዲህ ሲሆን ዕቃው ሲደርስ ይነገረው የተባለውን ወገን፣ ኖቲፋይ ፓርቲ የሚባለውን ይመልከቱ። እውነተኛው ገዢ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ይህን የምጨቀጭቀው የማውቀው ሰው ስለተጎዳበት ነው። ከሻጭ የገዛውን የተቀባዮች ዝርዝር ሳያጣራ ከሁለት መቶ በላይ ኢሜይል ላከ። አብዛኛው የሄደው ለጭነት አስተላላፊዎች ነበር። አንድም ገዢ አልመለሰለትም። በኋላ ከዚያው ዝርዝር አሥራ ሁለት ስም ብቻ መርጦ፣ ከማን እንደሚገዙና በየስንት ወሩ እንደሚያስገቡ አይቶ፣ ለእያንዳንዳቸው የተለየ ደብዳቤ ከናሙና ጋር ላከ። አራቱ መለሱ። ዳታው ያው ነበር።

ደብዳቤ ሲጽፉ ግን «ከእገሌ በዚህ ቀን ይህን ያህል ገዝተሃል» አይበሉ። ሰው ሲሰለል አይወድም። ያወቁትን በአቅርቦትዎ ያሳዩ። በየሦስት ወሩ ሁለት ኮንቴይነር የሚያስገባ ገዢ ከሆነ፣ በየሦስት ወሩ ሁለት ኮንቴይነር ማቅረብ እችላለሁ ይበሉት። ይበቃዋል።

ለጠርሙሱም ይህንኑ ይሥሩ። 7010.90ን ከፍተው የአቅራቢዎ አገር ለሌሎች ገዢ አገሮች በኪሎ በስንት እንደሚልክ ይዩ። እርስዎ በፍሬ ስለሚገዙ አንዱን ጠርሙስ መዝነው ወደ ኪሎ ይቀይሩት። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ከአቅራቢው ጋር የሚነጋገሩበት መነሻ አገኙ። ማዘዣው ትንሽ ስለሆነ ወይም ጠርሙሱ ልዩ ቅርጽ ስላለው ሊወደድ ይችላል፤ ቢያንስ ግን ምክንያቱን ይጠይቁታል። አዲስ ገዢ ከማግኘት ይልቅ ይህ ቶሎ ኪስ የሚገባ ገንዘብ ነው።

ስለዚህ የምመክርዎት ይህ ነው። የመጀመሪያውን ወር ለራስዎ ዲክላራሲዮኖች ይስጡ። በሁለተኛው ወር በነፃው ስታቲስቲክስ ከሦስት ያልበለጡ አገሮች ይምረጡ፤ ቀረጡንና የመግቢያ ደንቡን ያጣሩ። በሦስተኛው ወር በነፃ ከሚገኙት ስሞች አሥር ወይም አሥራ አምስት ገዢ ለይተው ናሙና ይላኩ። ከመረጧቸው አገሮች አንዱ የጭነት መዝገብ የሚከፍት ከሆነ፣ ያኔ ለዚያ አገር ብቻ፣ ለአንድ ኮድ፣ ለአንድ ወር ይግዙ። በወር አልሸጥም የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ይለፉት።

ከመክፈልዎ በፊት ደግሞ አንድ ፈተና ይስጡት። ከሁለቱ ገዢዎችዎ አንዱ የጭነት መዝገብ በሚከፍት አገር ካለ፣ እርስዎ ጭነት የላኩበትን ወር መርጠው የ0409.00ን ሙሉ ዝርዝር ለናሙና እንዲሰጥዎ ይጠይቁት። ወሩን ለምን እንደመረጡ አይንገሩት። ከዚያ የራስዎን ኮንቴይነር ይፈልጉ። ስምዎ በትክክል ተጽፏል? ክብደቱ ቢል ኦፍ ሎዲንግዎ (የመርከብ ጭነት ሰነድዎ) ላይ ካለው ጋር ይገጥማል? ዋጋ ከጻፈ፣ ኢንቮይስዎ ላይ ካለው ምን ያህል ይርቃል? ኮንቴይነርዎ ከሌለ ሦስት ነገር ሊሆን ይችላል፦ ገዢዎ ስሙን አስደብቋል፣ ዕቃው በሌላ ስም አልፏል፣ ወይም ዳታው ጎዶሎ ነው። የትኛው እንደሆነ ሻጩ ያስረዳዎት። ማስረዳት ካልቻለ አይክፈሉት።